ስድስት ሚሊሜትር

በዚያ ወርክሾፕ ንድፍ የሚወፍረው በፊርማ ነበር። ከነዳፊው ጠረጴዛ ሸንቃጣ ሆኖ ይነሳል፤ በየቢሮው ሲዞር፣ በደረሰበት ሁሉ አንድ አንድ ሚሊሜትር ሲጎርስ ሰንብቶ፣ የመጨረሻው ፊርማ ጋ ሲደርስ ቦርጭ አውጥቶ ይገኛል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ብረት አወፈርክ ተብሎ የተገሠጸ ሰው የለም፤ ብረት አሳሳህ ተብሎ ግን ስሙ የሚነሳ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሚፈርም ሁሉ ከፊርማው ጋር ጥቂት ብረት ጣል ያደርጋል። በቅጹ ላይ «ምክንያት» ተብሎ በተተወው ቦታ የሚጻፈውም አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ለጥንቃቄ»።

የጥንቃቄ ሁሉ አባት ጋሽ ይጨመር ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ወርክሾፑ ነው እንጂ እናታቸው አይደሉም። የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ፣ ለሰው የዋህ፣ ለቀጭን ላሜራ ግን ርኅራኄ የሌላቸው ሰው። ንድፍ ሲቀርብላቸው አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አድርገው ያዩታል፣ ወደ ቀኝ ሰበር አድርገው ያዩታል፣ ከዚያ ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ይጨመር» ይላሉ። እሳቸው የፈረሙበት ታንክ ፈንድቶ አያውቅም። ክሬኑ ግን ሁለት ጊዜ ወገቡን ታሟል።

ሚሊ እዚህ ቤት ነው የገባችው። ስሟ በሙሉ ሲጠራ «ሚሊሜትር» ነው፤ በተቀጠረች በሳምንቷ የአንድ ነባር በያጅ ሥራ አንድ ሚሊሜትር መሳቱን በሰው ፊት ተናግራ ያገኘችው ሹመት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በንድፎቹ ጥግ ባለው የፊርማ ሣጥን ውስጥ ስሟ የሚሰፍረው «ገልባጭ» በሚለው ረድፍ ነበር፤ እንደ አሸዋ መኪና። «ነዳፊ» የሚለው ረድፍ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። በአራተኛው ዓመቷ መግቢያ ላይ የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ትእዛዝ መጣና፣ ነባሮቹ ሁሉ እጃቸው ሥራ ይዞ ስለነበር፣ ለእሷ ተሰጣት።

ትእዛዙ የሳሙና መቀቀያ ታንክ ነው። ላዩ እንደማንኛውም ታንክ ሲሊንደር፣ ታቹ ግን ሾጣጣ። ወፍራም ሳሙና ወለሉ ጠፍጣፋ ከሆነለት ተዘርግቶ ይተኛል እንጂ አይወጣም፤ ሾጣጣ ሲሆንበት ግን እያንሸራተተ ወደ ጠባቡ አፍ ያወርደዋል። ሰፊው አፍ አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ ጠባቡ ሠላሳ ሴንቲ።

ሾጣጣ ቀላል ነገር ይመስላል። ለውዝ በወረቀት ተጠቅልሎለት የገዛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። ግን ሾጣጣ ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። የውስጡ እንፋሎት ነው፤ ብረቱን ይለጥጠዋል። ለእሱ ሦስት ሚሊሜትር ከምናምን ይበቃዋል፤ ብረት ሲጎትቱት ጀግና ነው። የውጪው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሠራተኛው ታንኩን በእንፋሎት ያጥባል፣ ላዩ ላይ ያለውን የአየር መግቢያ ይዘጋና ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። እንፋሎቱ ይቀዘቅዝና ጥቂት ጠብታ ውሃ ይሆናል። ውስጡ ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ በየቀኑ ተሸክመነው የማናውቀው አየር፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አሥር ቶን ሆኖ ይቀመጥበታል። ብረት ከውጭ ሲገፉት ጀግንነቱን ይረሳል። ሳይሰነጠቅ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ እንደ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጭምድድ ይላል።

ሚሊ ከሁለቱ ጠላቶች ጋር ሦስት ሳምንት ተከራከረች። ለውጪው አራት ነጥብ ስምንት ሚሊሜትር ወጣ። ለዝገት ድርሻው አንድ፤ ዝገት ካልሰጡት ሰርቆ የሚበላ ስለሆነ አስቀድሞ መስጠት ይሻላል። ድምሩ አምስት ነጥብ ስምንት፤ ገበያ ላይ ያለው ላሜራ ስድስት። ሾጣጣው ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት ወገብ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የሚታጠቀው አንድ ወፍራም ቀለበት። ያ መገጣጠሚያ ተንኮለኛ ቦታ ነው፤ እንፋሎቱ ከውስጥ ሲገፋ ሌላው ገላ ወደ ውጭ ሲነፋ፣ እሱ ወደ ውስጥ ይሸሻል። አየሩ ከውጭ ሲጫን ደግሞ ላይኛውም ታችኛውም እሱኑ ነው ተደግፈው የሚቆሙት። ቀለበቱ ከሌለ ስድስቱ ስድስት አይደለም።

«ነዳፊ» በሚለው ረድፍ ላይ ፈረመች። ፊርማዋንም ከምሳ በፊት ሦስት ጊዜ ተመልሳ አየችው፤ ሊጠፋ የሚችል ይመስል።

ንድፉ ሰኞ ጠዋት ጉዞውን ጀመረ። አራሚው ስሌቱን ሳይገልጥ አንድ ጨመረ፤ ሰባት። የደህንነት ኃላፊዋ «ደህንነት» የሚል ቃል በሹመቷ ላይ ተጽፎ ሳለ ዝም ብላ ብታልፍ ሹመቷ የሚታዘባት መሰላትና አንድ ጨመረች፤ ስምንት። የሽያጭ ኃላፊው ውፍረቱን እንኳ አላየም፤ ዓይኑ ቀለበቱ ላይ አረፈ። ደንበኛ ይህን ሲያይ ታንኩ ተቀዶ የተጣፈ ይመስለዋል፣ ቀበቶ የታጠቀ ታንክ ደግሞ በዕድሜዬ አላየሁም ብሎ ቀለበቱን ሰረዘ፤ ለካሳው አንድ ሚሊሜትር ጣል አደረገ፤ ዘጠኝ። ጋሽ ይጨመር ዘጠኝ የሚባል ላሜራ ገበያ ላይ አይገኝም ብለው አሥር አደረጉት። ይህ ማስተካከል እንጂ መጨመር ስላልሆነ ሁለት ጨመሩ። ሐሙስ ዕለት ንድፉ ወደ ወርክሾፑ ሲወርድ፣ ድግስ በልቶ እንደወጣ ሰው አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ወፍሮ፣ ቀበቶውን ፈትቶ ነበር።

እዚያ የተቀበለው ጠቅላዩ ነው። ላሜራ የሚጠቀልለውን ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው፤ ስለሚጠቀልል «ጠቅላዩ» አሉት፣ ማዕረጉን ወዶታል፣ ሰላምታ ሲቀበልም እጁን ከፍ አድርጎ ነው። ማሽኗን ደግሞ «አማቴ» ይላታል። ሦስት ወፍራም ብረት ዘንግ ያላት አሮጊት ናት፤ ያልወደደችውን ትተፋለች፣ የወደደችውንም የምታጎብጠው ተለምና ነው። ነገር ግን ያ ወርክሾፕ ከተከፈተ ጀምሮ አንድም ሾጣጣ ሌላ ቤት ልኮ አስጠቅልሎ አያውቅም። በያጁም፣ ቀለም ቀቢውም፣ ዘበኛውም ሳይቀር የሚኮሩባት ይህችኑ ነገር ነበር፤ «እኛ ሾጣጣችንን የምንጠቀልለው ራሳችን ነን»።

ጠቅላዩ ንድፉን ዘረጋ፣ ጠባቡን አፍ በስንዝሩ ለካ፣ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመ። ሰፊው አፍ ላይ አሥራ ሁለትም ቢሆን እለማመጣታለሁ፣ ሠላሳ ሴንቲ ላይ ግን ከስምንት በላይ ብትሞት አታጎብጥም፣ ከሞተች ደግሞ ቀባሪዋ እኔ ነኝ አለ። ንድፉን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገና ፎቅ ወጣ። ሲመለስ የሥራ አስኪያጁን ቃል ይዞ መጣ፤ ቴክኒክ ክፍሉ እስከ ሰኞ አማቴ ልትጠቀልለው በምትችለው ውፍረት ካልተስማማ፣ ሾጣጣው ከከተማው ማዶ ላሉት ይሰጣል። እነሱ ደግሞ የሌላ ሰው ንድፍ አይሠሩም፤ ራሳቸው ነድፈው ራሳቸው ይፈርማሉ።

ሚሊ ወሬውን የሰማችው ደረጃው ላይ ነው። መጀመሪያ የታያት የፊርማ ሣጥኑ ነበር። ስህተት ተገኝቶባት ቢሆን አንገቷን ደፍታ ታርመው ነበር። ማንም ስህተት አላገኘባትም፤ ማንም አልፈለገማ። ስድስቷ በአሥራ ሁለት ልትቀበር ነው፣ ቤቱም በእሷ የመጀመሪያ ሾጣጣ የተነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ቤት ሊያንኳኳ ነው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ዋለች። አራሚው የደህንነት ኃላፊዋ ካነሳች አነሳለሁ አላት። የደህንነት ኃላፊዋ ሽያጭ ካነሳ አለች። የሽያጭ ኃላፊው እሱ ያነሳው ቀለበት እንጂ የጨመረው ነገር ስለመኖሩ ትዝ አይለውም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ሁሉም አንዲት ሚሊሜትሩን እንደ ጌጥ ደረቱ ላይ ሰክቶ ተቀምጧል፣ ተሸካሚዋ አማቴ ብቻ ናት። ጋሽ ይጨመር ግን አስቀምጠዋት፣ እንደ አባት፣ ብረት ቢበዛ ማንን ገደለ ልጄ አሏት። ክሬኑን ይጠይቁት ልትል አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

ቅዳሜ ቤት ዋለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና የተንጠለጠለ የሰው ልብስ ነው፤ ለመኖሪያ የተረፈው የኋላው ነው። ሚሊ የእናቷን የቅድ ወረቀት ሳታስፈቅድ ወሰደችና ሾጣጣዋን ከመጠቅለሉ በፊት እንዳለው ጠፍጣፋ አድርጋ ሳለችው፤ የተገመሰ ክብ፣ መሐሉ ጎረድ ያለ። ምን እንደምትፈልግበት ራሷም አታውቅም። እናቷ ከመኪናው ቀና ብላ በመነጽሯ አናት አየችውና ይሄ እኮ ጉርድ ቀሚስ ነው አለች። ወገቡስ የታለ?

ሰረዙት አለቻት ሚሊ።

«ማን?»

«የሽያጭ ኃላፊው።»

«ቀሚስ ለብሶ ያውቃል?»

ሚሊ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ነገሩን ከሥሩ ጀምራ ነገረቻት፤ እንፋሎቱን፣ አየሩን፣ አንድ አንድ ሚሊሜትሩን። እናቷ ክር እየበጠሰች ሰማች። በመጨረሻ፣ ለምን እንደጨመሩ ጠየቅሻቸው ወይ አለቻት። ሚሊ ለጥንቃቄ ነው እንዳሏት ነገረቻት።

እናቷ መልስ አይደለም አለች። ሠላሳ ዓመት ስትሰፋ ትንሽ ሰፋ አድርጊልኝ ያላላት ደንበኛ የለም። ሁሉንም እሺ ብትል የሠፈሩ ሰው ድንኳን ለብሶ በሄደ ነበር። እሷ አትከራከርም። ልብሱን ታለብሳለች፣ መስታወት ፊት ታቆማለች፣ ስፒል በእጃቸው ትሰጣቸዋለች።

«የጠበበሽ ቦታ ላይ ሰኪልኝ እላታለሁ» አለች። «አብዛኛዋ ስፒሉን ስታገላብጠው፣ ስታገላብጠው ትቆይና ይሁን ግድ የለም ብላ ትመልስልኛለች። አንዳንዷ ግን ትሰካለች። የሰካችውን እንዳትንቂ። እሷ የምታውቀውን መኪናዬ አያውቀውም።»

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራቱም ፈራሚዎች በጋሽ ይጨመር ቢሮ ተሰበሰቡ። ጠቅላዩም ሳይጠራ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ፤ የአማቴ ተወካይ ነኝ አለ። ሚሊ ክርክር አላመጣችም። ለእያንዳንዳቸው ሾጣጣው በሰፊው የተሳለበት አንድ አንድ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻቸው። የጨመራችሁት ሚሊሜትር የትኛውን ጫና ለመሸከም እንደሆነ ጻፉልኝ፣ የት ላይ እንደሚያስፈልግ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ምልክት አድርጉልኝ፤ ምልክት ያለበትን አንድም ሳልነካ እተወዋለሁ አለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፤ «ለጥንቃቄ» ተብሎ እንዳይጻፍ።

አንድ ቃል ተከልክለው አራት የተማሩ ሰዎች የሚጽፉት አጡ። የደህንነት ኃላፊዋ «ደህንነት» ብላ ጻፈች፣ አየችው፣ ሰረዘችው። አራሚው ጉሮሮውን ጠራረገና እስቲ ስሌቱን አሳዪኝ አለ። ሰጠችው። ገጹን እየገለጠ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ፣ የራሱን የሒሳብ ማሽን አውጥቶ እየደበደበ አርባ ደቂቃ ሙሉ አነበበ፤ ሌላው ሁሉ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። በመጨረሻ አራሚው መነጽሩን አወለቀ። ሰውየው ሰነፍ እንጂ ውሸታም አልነበረም። የኔን ውሰጂው አለ፤ ቀጥሎም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጥሩ ሥራ ነው አለ። የደህንነት ኃላፊዋ ስሌቱ መታየቱን ካረጋገጠች በኋላ የእሷን በክብር መለሰች። የሽያጭ ኃላፊው ቀለበቱን በታንኩ ቀለም መቀባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ይቻላል ተባለ። ካስማሙልኝማ ይመለስ አለ፤ የጨመረው ሚሊሜትርም ያኔ ትዝ አለውና አነሳው።

የቀሩት ጋሽ ይጨመር ነበሩ። ወረቀታቸውን በክንዳቸው ከልለው፣ እንደሚኮረጅበት ልጅ አቀርቅረው ቆዩ። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አደረጉላት። ሥዕሉ ላይ ምንም ምልክት የለም። ከሥሩ ሁለት ቃል ተጽፏል።

«ፈርቼ ነው።»

ሚሊ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጋሽ ይጨመርን የምታውቃቸው በቀይ እስክሪብቷቸው ብቻ ነበር።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«መዶሻውን» አሉ።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። የዛሬው ጋሽ ይጨመር ያኔ ይህ ስም አልወጣላቸውም፤ በቀጭን ሥራቸው የሚታወቁ ወጣት ነዳፊ ነበሩ። የሳሙና ታንክ ነደፉ፣ ሾጣጣ ያለው። የውስጡንም የውጪውንም ጫና እንደ ሚሊ አድርገው ቆጠሩ። ታንኩ ተፈተነ፣ አለፈ፣ ሁለት ዓመት ሠራ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ታጥቦ እንደተዘጋ፣ ማንም ሳይነካው ጭምድድ አለ። ሰው አልተጎዳም። ስሌቱ ሦስት ጊዜ ተመረመረ፤ ስህተት የለበትም ተባለ። እሳቸው ግን ሄደው አዩት። የሾጣጣው ታችኛ ክፍል ዙሪያውን ተቀጥቅጦ ጎድጉዷል።

«ሳሙና ሲረጋ አልወርድም ይላል» አሉ። «ሠራተኛው ምን ያድርግ? መዶሻ ያነሳና ይነርተዋል። ይወርድለታል። በማግስቱም ይነርተዋል። አንቺ የቆጠርሽው ክብ ነው ልጄ። እኔም የቆጠርኩት ክብ ነበር። ከመዶሻው በኋላ ግን ክብ አይደለም። ለመሆኑ በመጽሐፋችሁ ውስጥ መዶሻ የሚል ምዕራፍ ገብቷል?»

አልገባም። የሚሊ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ከውጭ የሚጫን ግፊት ቀጭን ብረትን ይታገሳል፤ ጎድጓዳን ግን አይምርም፣ የሚጠብቀው ያችኑ የምትጎደጉደውን ቦታ ነው። ይህን ታውቃለች፤ ተፈትናበት ከፍተኛ ነጥብ አግኝታበታለች። መዶሻ የያዘው ሰው ግን አንድም ጊዜ አልታያትም። እሳቸው ደግሞ ሰውየውን አይተውታል፣ የሚመታበትን ቦታ ብቻ ማጠንከር ስላልታያቸው ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ታንኩን ሁሉ ሲያወፍሩበት ኖረዋል።

«መዶሻው የት ላይ ነው የሚያርፈው?» አለች።

ጋሽ ይጨመር ተነሡ። ወደ ግድግዳው ሄደው፣ ታንክ አጠገብ እንደቆመ ሠራተኛ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ በደረታቸው ትክክል ግድግዳውን በቡጢ መቱት። እዚህ አሉ። ጎንበስ ብሎ የሚመታ የለም፣ ተንጠራርቶ የሚመታም የለም። ሁልጊዜ እዚህ።

ሚሊ ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ፣ እርሳሱን በእጃቸው አስያዘቻቸው። ሾጣጣው ላይ አራት ቦታ ምልክት አደረጉ፤ ዙሪያውን፣ እኩል እኩል ተራርቀው። እሷ በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ጥጉ የተሞረደ፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ብረት ሳለች፤ የመዶሻውን ምት ተቀብሎ የሚበትን፣ ሾጣጣውን ግን የማያስነካ።

«አሥራ ሁለትዎን አልነጥቅዎትም ጋሼ» አለች። «ቦታ እሰጣቸዋለሁ። እነዚህ አራቱ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ይሆናሉ። ሌላው ስድስት።»

ጋሽ ይጨመር አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አደረጉ። ወደ ቀኝ ሰበር አደረጉ። ከዚያ በቀይ እስክሪብቷቸው የራሳቸውን አሥራ ሁለት ሰርዘው ስድስት ጻፉና ፈረሙ። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡ፤ «መዶሻ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቤት ቅጽ ላይ «ለጥንቃቄ» ያልሆነ ምክንያት ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ የመዝገብ ክፍሉ ስህተት መስሎት መልሶ ልኮታል።

አማቴ ስድስቱን ሚሊሜትር የተቀበለችው ረቡዕ ነው። ጠቅላዩ ላሜራው ላይ በጠመኔ ከጠባቡ አፍ ወደ ሰፊው የሚሄዱ መስመሮች እንደ ፀሐይ ጨረር አሰመረ፤ ብረቱ በእነዚያ መስመሮች ላይ እየተረገጠ ካልጎበጠ ሾጣጣ አይሆንም፣ የተጠማዘዘ ቆርቆሮ ነው የሚሆነው። ጠባቡን ጫፍ እያዘገየ፣ ሰፊውን እያስኬደ፣ ግማሽ ቀን ተለማመጣት። አንድ ጊዜ አንገራገረች፤ እሱም አንድ ጊዜ ስለ እናቷ የማይጻፍ ነገር ተናገራት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ የላሜራው ጠርዞች ተገናኙ። በመሐላቸው የነበረው ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነበር። ጠቅላዩ ባርኔጣውን አወለቀና ፊቱን ጠረገበት። ከዚያ በኋላ ሻይ ለመጠጣት የሚወጣ ሰው ሁሉ በሾጣጣው በኩል ዞሮ እንዲሄድ አደረገ።

የፈተናው ቀን ሥራ አስኪያጁም ወረዱ። መጀመሪያ የውስጡ ነው፤ ታንኩን ውሃ ሞልተው፣ በፓምፕ አስጨነቁት፣ በያጆቹ የብየዳውን መስመር በደረቅ ጨርቅ እየዳበሱ ዞሩ። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ይህን ሁሉም ጠብቆት ነበር። ውሃው ፈሰሰና ታንኩ ባዶውን ቀረ።

ጋሽ ይጨመር ኮታቸውን አውልቀው ለአራሚው ሰጡት። ከበያጆቹ ትልቁን መዶሻ ተቀበሉ። በእያንዳንዱ መምቻ ብረት ላይ ቀለም ቀቢው በቀይ «እዚህ ምታ» ብሎ ጽፎበታል፤ እሳቸውም እንደታዘዙት መቱ። በእያንዳንዱ ላይ አሥር አሥር ጊዜ፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ በደረታቸው ትክክል። ወርክሾፑ እንደ ደወል ጮኸ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሲመቱ ከመዶሻው ይልቅ እሳቸው የደከሙ ይመስሉ ነበር፤ ቢሆንም ማንም ላግዝዎት አላላቸውም። ሚሊ በሾጣጣው ክብ ልክ ከእንጨት የተቆረጠ ቅስት ላዩ ላይ ለጥፋ ዙሪያውን ለካች። በእንጨቱና በብረቱ መሐል በአንድ ቦታም ቢሆን ብርሃን አላለፈም። ክብ ነው።

ቫልቮቹ ተዘጉ። ፓምፑ አሁን አየሩን ከውስጥ መምጠጥ ጀመረ። የጌጁ መርፌ ወደ ታች መውረድ ያዘ፤ እየዘገየ፣ ሰው የሚያየው መሆኑን እንዳወቀ። ሚሊ ዓይኗን ከሾጣጣው አልነቀለችም። ስድስት ሚሊሜትር። አሥር ቶን በካሬ ሜትር። ቀለበቱ በታንኩ ቀለም ተቀብቶ ወገቡ ላይ ቁጭ ብሏል። ድንገት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሥራ አስኪያጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። አራሚው ኮቱን እንደታቀፈ የእስክሪብቶውን ጫፍ እየተጫነ ነበር። ጠቅላዩ እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዶ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

መርፌው መጨረሻው ላይ ደርሶ ቆመ። ፓምፑ ጠፋ። ከዚህ በላይ የሚወጣ ነገር የለም፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሰማዩ በሙሉ ላዩ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ቆሞ መታየት አለበት። ሰው ሁሉ ቁጭ አለ፤ ጋሽ ይጨመር ግን ሄደው መዳፋቸውን ሾጣጣው ላይ አሳረፉ። ሚሊም ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ብረቱ ከእጃቸው ሥር ቀዝቃዛና ዝምተኛ ነበር፤ ምንም እንዳልተጫነው፣ ምንም እንዳልሆነ።

ሰዓቱ ሲሞላ አየሩ ተለቀቀና እያፏጨ ገባ። ሚሊ ቅስቷን ይዛ ዳግመኛ ዞረች። ብርሃን አላሳለፈም። አንገቷን ቀና አድርጋ «ክብ ነው» ስትል ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ፤ ከላይ ክሬኑ ላይ የነበረው ሰው ሳይቀር ሰማና አጨበጨበ። ጭብጨባው ወርዶ ወርክሾፑን ሞላው። ጠቅላዩ አማቴ ጋ ሄዶ ገላዋን ቸብ ቸብ አደረጋት።

ጋሽ ይጨመር መዳፋቸውን ገና አላነሱም። አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አደረጉ። ወደ ቀኝ ሰበር አደረጉ።

«እኔ የምልሽ፣ አምስት አይበቃውም ነበር?»

አራሚው ኮቱን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ሚሊ ሳቋ መጣባት፤ ግን ጥያቄው የነዳፊ ጥያቄ ነው፣ የሚመለሰውም እንደ ነዳፊ ነው። «አይበቃውም ጋሼ» አለች። «አምስት ከሆነ ለዝገቱ የሚተርፈው ወረቀት ወረቀት የሚያህል ነው። ስድስት ነው። አይጨመርም፣ አይቀነስም።»

«ስድስት ነው» አሉ ጋሽ ይጨመር፣ እንደሚቀምሱት ዓይነት። ኮታቸውን ተቀብለው ለበሱ። አጠገባቸው ቆሞ ሲሰማ ለነበረው ጠቅላዩ፣ ስድስት ነው ብላለች ብለው ነገሩት። ለደህንነት ኃላፊዋ ነገሯት። ለሥራ አስኪያጁ፣ ልጅቷ ነድፋው፣ እኔ ፈርሜበት፣ ስድስት ብለው ነገሯቸው። ወደ ምሳ ሲወጡ በሩ ላይ ለዘበኛው ሲነግሩት ተሰሙ። ዘበኛው ምኑ ስድስት እንደሆነ አልገባውም፤ የፊታቸውን ሁኔታ አይቶ ግን ተነሥቶ ቆመና እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው።